ማይክሮሜትር ህዋስ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1924 ክላይድ ኪለር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ የነጭ አይጦችን ዓይን እየቆረጠ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ያገኘውን ጉድለት አሳተመ። በአንዳንዶቹ ሬቲና ውስጥ ዘንግ መሰል የሚባሉት ብርሃን ተቀባይ ህዋሳት አልነበሩም፤ ጉድለቱም በዘር የሚወረስ ነበር። በ1993 ኪለር ራሱ የተሳተፈበት ቡድን፣ 70 ዓመት ከቆዩት ስላይዶች ላይ ዲኤንኤ አውጥቶ፣ ያ ጉድለት ዛሬ በየቤተ ሙከራው አርዲ1 ተብሎ ከሚታወቀው የዘረ መል ለውጥ ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጠ።

ስላይድ እንዲህ ዕድሜ ጠገብ ነው። ሆኖም አንድ ስላይድ የሚመሰክረው ስለ አንድ እንስሳ አንድ ቀን ብቻ ነው። ሬቲናው ትናንት ምን ያህል ይወፍር እንደነበር፣ ነገስ ምን ያህል እንደሚሳሳ አይናገርም። ሕመሙ እንዴት እየገፋ እንደሄደ ማወቅ የፈለገ ተመራማሪ በየቀጠሮው ሌሎች አይጦችን መግደል፣ ዓይናቸውን በኬሚካል ማድረቅ፣ መቁረጥና ማቅለም ነበረበት። በዚህ ሂደት ህብረ ህዋሱ ይኮማተራል፤ አንዳንዴም ሬቲናው ከጀርባው ካለው ሽፋን ይላቀቃል። ስለዚህ የሚለካው ውፍረት የሞተ፣ የደረቀና የተጨማደደ ነገር ውፍረት ነው።

ላለፉት ሃያ ዓመታት በዓይን ምርምር ውስጥ የተለወጠው ትልቁ ነገር ይኸው ነው፦ የአንድን ሕያው አይጥ አንድ ዓይን ዛሬ ለክቶ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ቦታ መልሶ መለካት ተቻለ። ይህን ያስቻለውን መሣሪያ የሚያሞግሱ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጥራቱ ነው የሚያወሩት። በእኔ ግምት ግን ጥራቱ ሁለተኛ ነው፤ የተገኘው ትርፍ ጊዜን ማየት ነው። ችግሩ ከዚያ ይቀጥላል። መሣሪያው የሚሰጠው ቁጥር በማይክሮሜትር የተጻፈ ርቀት ሲሆን፣ ተመራማሪው ማወቅ የሚፈልገው ስንት ህዋስ እንደቀረ ነው። ሁለቱ አንዳንዴ አብረው ይሄዳሉ፤ አንዳንዴ ጨርሶ ይለያያሉ።

ሬቲና በዓይን ኳስ የኋላ ግድግዳ ላይ የተነጠፈ፣ ብርሃንን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጥ ስስ ሽፋን ነው። በአይጥ ዓይን ውፍረቱ 200 ማይክሮሜትር ገደማ፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ነው። በዚህች ስፋት ውስጥ በርካታ ንብርብሮች ተደርድረዋል። ከውስጥ በኩል ወደ አንጎል የሚሄደውን የነርቭ ክር የሚያወጡት ጋንግሊዮን ህዋሳት አሉ፤ መሐል ላይ መልእክት አቀባዮቹ፤ ከውጪ በኩል ደግሞ የብርሃን ተቀባዮቹ ኑክሊየሶች ተደራርበው ይታያሉ፤ ከነሱም በስተጀርባ ብርሃኑን በቀጥታ የሚይዙት የህዋሳቱ ጫፎችና ባለ ቀለሙ ሽፋን ይገኛሉ። እያንዳንዱ ሕመም የሚያጠቃው ንብርብር ስላለው፣ የትኛው እንደሳሳ ማወቅ የሕመሙን ዓይነት ይጠቁማል። ግላኮማ ጋንግሊዮን ህዋሳቱን ያጠቃል፤ በዘር የሚወረሱት የሬቲና መመንመኖች ደግሞ በብዛት ብርሃን ተቀባዮቹን።

ኦፕቲካል ኮሂረንስ ቶሞግራፊ፣ በአጭሩ ኦሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ይፋ ሆነ። ሥራው ከተሠራባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነበር፤ ጄምስ ፉጂሞቶ፣ ዴቪድ ሁዋንግና ኤሪክ ስዋንሰን ለዚህ ሥራ በ2023 የላስከር ሽልማትን አብረው ተቀብለዋል። አሠራሩ ከገደል ማሚቶ ጋር ይመሳሰላል፦ ብርሃን ወደ ዓይን ይላካል፣ ከየንብርብሩ ወሰን እየነጠረ ይመለሳል፣ ዘግይቶ የመጣው ከጥልቅ የመጣ ነው። ነገር ግን ብርሃን ፈጣን በመሆኑ መዘግየቱን በሰዓት መለካት አይቻልም። ስለዚህ የተመለሰው ብርሃን የታወቀ ርቀት ተጉዞ ከመጣ ሌላ ብርሃን ጋር ይደራረባል፤ ከሁለቱ ሞገዶች መደራረብ ጥልቀቱ ይሰላል።

ለአይጥ ዓይን ይህ አሠራር ልዩ ጥቅም አለው። ከፊት እስከ ኋላ 3 ሚሊሜትር ከትንሽ በላይ የሆነና ከግማሽ በላይ በሌንስ የተሞላ ዓይን ለተራ የዓይን መመልከቻ አስቸጋሪ ነው። የኦሲቲ የጥልቀት ጥራት ግን በዓይኑ ሌንስ ላይ የተመሠረተ አይደለም፤ የሚወስነው በብርሃኑ የሞገድ ርዝመትና መሣሪያው ምን ያህል ሰፊ የቀለም ክልል እንደሚጠቀም ነው። ክልሉ በሰፋ ቁጥር ንብርብሩ ጥርት ብሎ ይለያል። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ግን ቀርፋፋ ነበሩ፤ አይጧ በተነፈሰች ቁጥር ምስሉ ይረበሻል። በሴኮንድ በመቶዎች ከሚቆጠሩ የጥልቀት መስመሮች ወደ አስር ሺዎች የተሸጋገረው ቴክኖሎጂ ነው መንገዱን የከፈተው። እ.ኤ.አ. በ2006 የፉጂሞቶ ቡድን በአይጦችና በአይጠ መጎጦች ዓይን ላይ ያሳተመው ሥራ ወደ 3 ማይክሮሜትር የሚጠጋ ጥራትና በሴኮንድ 24,000 መስመር ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ የሕያው አይጥ ሬቲናን ውፍረት መለካት የጥቂት ፊዚሲስቶች ሙያ መሆኑ ቀረ።

ጊዜን ማየት ምን ያህል ይቆጥባል? ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ጥናት ስድስት ቀጠሮ ቢኖረውና በየቀጠሮው ስምንት አይጥ ቢያስፈልግ፣ በድሮው መንገድ 48 አይጥ ይሞታል። በኦሲቲ ስምንቱ ብቻ እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ። ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ ለእንስሳት ሙከራ ካስቀመጧቸው ሦስት መርሆች አንዱ ቁጥርን መቀነስ ነውና፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከቁጥሩ በላይ ግን እያንዳንዷ አይጥ ከራሷ ጋር መወዳደሯ ይበልጣል። ሁለት አይጦች ገና ከመነሻው በውፍረት ይለያያሉ፤ አንዷን ከራሷ ጋር ሲያወዳድሩ ያ ልዩነት ከስሌቱ ይወጣል። እዚህ ላይ የሚያናድድ ነገር አለ፤ የአንዲት አይጥ ሁለት ዓይኖች እንደ ሁለት አይጥ ተቆጥረው ስታቲስቲክሱ የሚያምርባቸው ጽሑፎች አሁንም አይጠፉም።

ትርፉ በነጻ አልመጣም። አይጧ በየቀጠሮው ትደነዝዛለች፣ አብዛኛውን ጊዜ በኬታሚንና ዛይላዚን ድብልቅ። የደነዘዘች አይጥ ዓይኗ ክፍት ሆኖ ስለሚቀርና ስለማይርገበገብ ኮርኒያዋ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ሰውነቷም ሲቀዘቅዝ ሌንሷ ሊደፈርስ ይችላል፤ ለጊዜው የሚመጣና የሚሄድ የዓይን ሞራ ነው። በዚህ ሁኔታ የተነሳ ምስል ደብዛዛ ይሆናል፤ የንብርብሮቹ ወሰን ይደበዝዛል፤ መስመር የሚያሰምረው ሰው ወይም ሶፍትዌር መስመሩን አንድ ሁለት ፒክሰል ወዲህ ወይም ወዲያ ያደርገዋል። ስለዚህ ማሞቂያ ምንጣፍ፣ ብሌን ማስፊያ ጠብታና ሰው ሠራሽ እንባ ለዚህ ሥራ ከኦሲቲው ከራሱ የማያንሱ መሣሪያዎች ናቸው። በጽሑፎች የአሠራር ክፍል ውስጥ ግን በአንድ ሐረግ ይታለፋሉ።

ቀጥሎ የልኬቱ ሚዛን ይመጣል። ብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚጠቀሙት ለሰው የተሠራ መሣሪያ ላይ ተጨማሪ ሌንስ ገጥመው ነው። ሶፍትዌሩ የሚያየው ዓይን የሰው እንደሆነ ያምናል። በሰው ሬቲና ላይ አንድ ዲግሪ ወደ 300 ማይክሮሜትር ሲሸፍን፣ በአይጥ ሬቲና ላይ አንድ አሥረኛውን ያህል ነው። ስለዚህ በምስሉ ላይ ያለው የጎን ርቀት ካልታረመ ከንቱ ነው። የጥልቀቱ ልክ ከዚህ ስህተት ቢተርፍም የራሱ ወጥመድ አለው። መሣሪያው የሚለካው ብርሃን የተጓዘበትን መንገድ ነው፤ ወደ እውነተኛ ርቀት የሚለወጠው ለህብረ ህዋሱ በተገመተ የብርሃን ስብረት ቁጥር ተካፍሎ ነው። አንዱ ቤተ ሙከራ 1.38 ቢወስድ፣ ሌላው የውሃውን 1.33 ቢወስድ፣ ለመጀመሪያው 200 የሆነው ሬቲና ለሁለተኛው ከ207 በላይ ይሆናል። ሰባት ማይክሮሜትር ደግሞ አንዳንድ ጥናቶች የመድኃኒት ውጤት ነው ብለው ከሚያስታውቁት ልዩነት ይበልጣል።

አይጥ እንደ ሰው ማኩላ የላትም። በሰው ዓይን ላይ ሐኪሙ ማኩላውን መነሻ አድርጎ ያያል፤ በአይጥ ግን መነሻ የሚሆነው የዓይን ነርቭ የሚወጣበት ቦታ ነው። ሬቲናው ከዚያ እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል፤ የላይኛውና የታችኛው ክፍል ለብርሃን ጉዳት ያላቸው ተጋላጭነትም እኩል አይደለም። ስለዚህ «የሬቲና ውፍረት» ብሎ ከነርቩ ምን ያህል ርቆ፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደተለካ የማይናገር ጽሑፍ ለሌላ ቤተ ሙከራ ብዙም አይጠቅምም። መስመሮቹስ? የሰው ኦሲቲ ንብርብሮች እንዴት እንደሚሰየሙ ባለሙያዎች በ2014 ተስማምተው አሳትመዋል። በአይጥ ምስል ላይ ግን «የውጪው ሬቲና» ሲባል አንዱ ከኑክሊየሶቹ ጀምሮ፣ ሌላው ከነሱ ቀጥሎ ካለው ብሩህ መስመር ጀምሮ ይለካል። ሁለቱም በየቤታቸው ልክ ናቸው፤ ቁጥራቸውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግን አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ውፍረት የህዋስ ቁጥር ምትክ ሆኖ የሚሠራው የት ነው?

በጣም የሚሠራው በብርሃን ተቀባዮቹ ላይ ነው። በአይጥ ሬቲና ከብርሃን ተቀባዮቹ 97 በመቶ ያህሉ ዘንግ መሰል ናቸው፤ ኑክሊየሶቻቸው አሥር ገደማ ረድፍ ሠርተው ተደራርበዋል፣ በመካከላቸው ሌላ ነገር እምብዛም የለም። ህዋስ ሲሞት ረድፉ ይቀንሳል፣ ንብርብሩ ይሳሳል። አርዲ10 በሚባለው ዝርያ መመንመኑ የሚጀምረው አይጧ ከተወለደች በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ተመራማሪ መድኃኒት ሰጥቶ የዚህን ንብርብር መሳሳት ሳምንት በሳምንት ሊከታተል ይችላል። እዚህ ላይ ማይክሮሜትሩን አምናለሁ።

በጋንግሊዮን ህዋሳት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በስማቸው የሚጠራው ንብርብር በአይጥ ዓይን እጅግ ስስ ነው፤ ከላዩ ካለው የነርቭ ክርና ከሥሩ ካለው የክር መረብ መለየት ስለሚያስቸግር ብዙ ጊዜ ሦስቱ አንድ ላይ ይለካሉ። ከዚህም የከፋው፣ በዚያ ንብርብር ውስጥ ካሉት ነርቭ ህዋሳት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጋንግሊዮን አይደሉም፤ አማክሪን የተባሉ፣ ነርቩ ሲጎዳ የማይሞቱ ህዋሳት ናቸው። የዓይን ነርቭ ተጨፍልቆ አብዛኞቹ ጋንግሊዮን ህዋሳት ቢሞቱ እንኳ አማክሪኖቹ፣ ደጋፊ ህዋሳቱና የደም ሥሮቹ ባሉበት ይቀራሉ። ውፍረቱ ትንሽ ወርዶ ወለል ይነካና ይቆማል። ለሰው የተሠራ አንድ የተለመደ የዓይን መሣሪያ አንድ ፒክሰሉ በጥልቀት ወደ 4 ማይክሮሜትር እንደሆነ ሲታሰብ፣ የሚፈለገው ልዩነት የጥቂት ፒክሰል ጉዳይ ነው። ለግላኮማ መድኃኒት የሚሞክር ቤተ ሙከራ «ውፍረቱ አልቀነሰም፣ ህዋሳቱን አድነናል» ሲለኝ፣ ህዋሳቱን ቆጥራችኋል ወይ ብዬ መጠየቄ አይቀርም። እዚህ ላይ የድሮው ስላይድ ገና ጡረታ አልወጣም።

ውፍረት የሚለወጠው ደግሞ በሞት ብቻ አይደለም። ህብረ ህዋስ ያብጣል፤ ያበጠ ሬቲና ውስጡ እየሞተ ጤነኛ ይመስላል። ከዚህ በላይ የሚገርመው፣ ብርሃን ራሱ ውፍረትን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ እንዳሳዩት፣ ዘንግ መሰል ህዋሳት ብርሃን ሲያገኛቸው ውሃ ይስባሉ፤ ጫፎቻቸውም በጥቂቱ ይረዝማሉ። በተጨማሪም እነዚህ ጫፎች በየቀኑ፣ በተለይ ማለዳ፣ ከጫፋቸው እየረገፉ ከሥር ይታደሳሉ፤ ሙሉ እድሳቱ አሥር ቀን ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ አንዱ ቡድን ጠዋት በብርሃን፣ ሌላው ከሰዓት ከጨለማ ክፍል ወጥቶ ቢለካ፣ ምንም በሽታ ሳይኖር ልዩነት ይገኛል።

ዝርያም እንዲሁ። በብዛት ከሚሸጡት የቤተ ሙከራ አይጦች አንዱ ሲ57ብላክ6 ነው፤ በዓለም ላይ ብዙ ዘረ መል የተለወጠባቸው አይጦች የተሠሩት በሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን «ኤን» የሚባለው ቅርንጫፉ አርዲ8 የተባለ የሬቲና ጉድለት በዘሩ እንደሚሸከም ታወቀ። ለዓመታት «እኛ ያጠፋነው ጂን ሬቲናን ጎዳ» ተብለው ከታተሙ ግኝቶች ከፊሎቹ ከነጋዴው ጋር የመጣ ጉድለት ሊሆኑ እንደሚችሉ ማሰብ ግድ ሆነ። ይህን መሣሪያው አይነግርም፤ የሚነግረው ብዙ ብር የማይፈጅ የዲኤንኤ ምርመራ ነው።

ውፍረትና ማየት የሚለያዩበትን ሁኔታ ግልጽ አድርጎ የሚያሳየው አርፒኢ65 የተባለው ጂን ነው። ይህ ጂን የጠፋባት አይጥ ብርሃን ተቀባዮቿ ለረጅም ጊዜ በቦታቸው ይቆያሉ፤ ንብርብሩ በልኬት ደህና ነው። ነገር ግን ብርሃን የሚይዘው ኬሚካል ስለማይታደስ ዘንግ መሰሎቹ ለብርሃን መልስ አይሰጡም። ይህ ክፍተት ግን ለሕክምና በር ሆነ፤ ህዋሱ ካለ ጂኑን መመለስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ሉክስተርና የተባለው የጂን ሕክምና የመጨረሻ ሙከራው ሲደረግ፣ ተሳታፊ ለመሆን ከተቀመጡት መመዘኛዎች አንዱ በሬቲናው የኋላ ክፍል ከ100 ማይክሮሜትር የሚበልጥ ውፍረት በኦሲቲ መታየቱ ነበር። እዚያ ቁጥሩ «ያያል» አላለም፤ «ለማዳን የሚሆን ነገር አለ» ነው ያለው። ውፍረት ከሚመጥኑት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ይመስለኛል።

መስመር የማስመሩን ሥራ አሁን በአብዛኛው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይዞታል። ሰው ለሰዓታት የሚደክምበትን በሴኮንዶች ይጨርሳል፤ ድካምም አያውቅም። ግን የተማረው በጤነኛ አይጥ ምስል ላይ ከሆነ፣ ንብርብሩ ፈጽሞ በጠፋበት ሬቲና ላይም የለመደውን መስመር ፈልጎ ያሰምራል። ጥናቱ የሚፈልገው ደግሞ በሽተኛውን ዓይን ነው። ፕሮግራሙ የሚፈተነው ቀላል በሆነበት ምስል ላይ ከሆነ ፈተናው ዋጋ የለውም።

የአይጥ ዓይን ሌላ ገደብም አለው፤ አይጥ የሌሊት እንስሳ ናት። ሰው በቀን የሚያየው፣ የሚያነበውና ቀለም የሚለየው በሾጣጣ ህዋሳቱ ሲሆን፣ እነሱ በአይጥ ሬቲና ከብርሃን ተቀባዮቹ 3 በመቶ ብቻ ናቸው። ለዚህ ነው አንዳንድ ቤተ ሙከራዎች አርቪካንቲስ ወደሚባሉት የአፍሪካ የሣር አይጦች የዞሩት። ቀን የሚንቀሳቀሱ ናቸው፤ ከብርሃን ተቀባዮቻቸው ሲሶ ያህሉ ሾጣጣ ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለምርምር የሚራቡት እ.ኤ.አ. በ1993 ከኬንያ ማሳይ ማራ የተያዙ እንስሳት ዘሮች ናቸው፤ በተለመደው የቤተ ሙከራ መኖ ሲመገቡ የስኳር ሕመም ስለሚይዛቸው ለስኳር ሕመም የዓይን ጉዳት ጥናትም ይፈለጋሉ። የቅርብ ዘመዶቻቸው በእኛ ደጋዎች ሣር ውስጥ በጠራራ ፀሐይ የሚሯሯጡት ናቸው፤ የባሌው ዝርያ የቀይ ቀበሮ ቀለብ ነው። ሾጣጣ ህዋስ በበዛበት ሬቲና ላይ ከተለመደው የቤተ ሙከራ አይጥ የተወሰደ የመደበኛ ውፍረት ሠንጠረዥ ማንጠፍ ግን አይቻልም፤ ልኩ ከመነሻው መሠራት አለበት።

በቅርቡ ደግሞ ያ በብርሃን የሚመጣ እብጠት፣ ለለኪው ስህተት የነበረው፣ ራሱ መለኪያ ሆኗል። ኦፕቶሬቲኖግራፊ በተባለው አዲስ አካሄድ ተመራማሪዎች ሬቲናን በብርሃን ብልጭታ ቀስቅሰው፣ የብርሃን ተቀባዮቹ ጫፍ በቅጽበት እንዴት እንደሚረዝም በኦሲቲ ይከታተላሉ። የሚፈለጉት ለውጦች ከማይክሮሜትር በታች ሊወርዱ ስለሚችሉ፣ ከብርሃኑ ጥንካሬ ይልቅ የሞገዱን ደረጃ ማንበብ ያስፈልጋል። ህዋሱ ቆሞ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን መልስ እየሰጠ እንደሆነም የሚጠይቅ ልኬት ነው፤ በአርፒኢ65 አይጥ ላይ ተራው የውፍረት ልኬት የማያየውን ለማየት ዕድል የሚሰጠውም እሱ ነው። ብልጭታው ምን ያህል ጠንካራ ይሁን፣ ከስንት ሰዓት ጨለማ በኋላ ይጀመር፣ ማደንዘዣው መልሱን ምን ያህል ያዳክማል የሚሉት ጥያቄዎች ግን በየቤተ ሙከራው ገና የየራሳቸው መልስ አላቸው።